ያልታጠበ አንጀት ፍለጋ ወደ ጎጆ

ሐሙስ፣ ንጋት 11፡20፤ አምቦ

ስልኬ የጮኸው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ጉታ ነበር። "ሞተ" አለኝ፤ ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም።

"መቼ?"

"አሁን፣ ዓይኔ እያየ። አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ፣ እግሩን እያንፈራገጠ።"

"አንጀቱን ማንም እንዳይነካው!" ብዬ ከአልጋዬ ዘለልኩ።

"በድኑ ላይ ቆሜያለሁ። ግን ቶሎ ና፤ አዴ ጫልቱ ውኃ ጥደዋል።"

ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ሥር "ማነው የሞተው?" አለችኝ። በግ ነው አልኳት። "ታዲያ ምን ያስደስትሃል?" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እውነቷን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልብሴን እየለበስኩ አፈርኩበት፤ ሱሪዬን ስታጠቅ ግን አሁንም ደስ እንዳለኝ ነኝ።

አንባቢዎቼ እንዳትታዘቡኝ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ አምቦ በሚገኝ የእንስሳት ላብራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራዬ ወንበር ላይ ነው፤ ናሙና ይመጣልኛል እንጂ ናሙና ፍለጋ አልሄድም። ጉታ ደግሞ ጎጆ ከተማ የሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከጎጆ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ የአዴ ጫልቱ በጎች ያልቃሉ። አዴ ጫልቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውን በድንችና በበግ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። በጎቹ ማታ ደህና ገብተው ጠዋት ተዘርረው ይገኛሉ። የሚሞቱትም ለገና ገበያ የሰቡት ናቸው፤ ከሲታዎቹን የነካቸው የለም።

የጎረቤታቸው የኦቦ ለታ ገብስ ገና ሳይታጨድ እነዚሁ በጎች ማሳው ውስጥ ገብተው ነበር። ኦቦ ለታም በሰው ፊት "አንድ ቀን እጨርሳቸዋለሁ!" ብለው ጮኹ። ሰው ሲናደድ ስንቱን ይላል። ኋላ ቁጣቸው በረደና፣ ገብሱ ታጭዶ ሲነሳ ራሳቸው አጥራቸውን ከፍተው "ቃርሚያው ላይ አሰማሪ" አሏቸው። በጎቹ መሞት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። አገሩም ሁለቱን ነገር ደመረና ፈረደ፤ ለታ የድንች መድኃኒት ማሳው ላይ ረጭቶ፣ ደግ መስሎ አጥሩን ከፍቶ ፈጃቸው ተባለ። ሽማግሌዎች ኦቦ ለታን አስምለው ሊፈርዱ ለቅዳሜ ተቀጥረዋል። ኦቦ ለታ ጥፋተኛ ከተባሉ እሳት የሚያጭሩበት ጎረቤት፣ ሬሳ የሚያወጣላቸው ዕድር አይኖርም። ስልሳ ዓመት የኖሩበት አገር ነው።

ጉታም እኔም የጠረጠርነው ሌላ ነው። የበግ አንጀት ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ አለ፤ በጉ እህል ሲበዛበት ይራባና መርዝ ያመነጫል። ይህን መርዝ እኛ ዘንድ መመርመር ይቻላል፤ የሚገኘው ግን አንጀቱ ውስጥ ካለው ፈርስ ነው። ሰኞ ዕለት ጉታ ስብሰባ ላይ ስለነበር "ከሞተው በግ አንጀት ቆርጣችሁ በአውቶቡስ ላኩ" ብሎ ለአዴ ጫልቱ በስልክ ነገራቸው። ዕቃው ደረሰኝ። ስከፍተው የሎሚ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አንጀቱ ተገልብጦ፣ በጨው ታሽቶ፣ በሎሚ ታጥቦ፣ እንደ ሙሽራ ነጠላ ነጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል። በክት ነውና ሊበላ አይደለም። ግን የመንግሥት ቢሮ የሚሄድ ዕቃ ከነፈርሱ እንዴት ይላካል? የሴት ልጅ ሙያ የሚታወቀው በአንጀት አጠባ ነው፤ አዴ ጫልቱ በማያውቁት ቢሮ ፊት ሙያቸው እንዲነወር አልፈለጉም።

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጡ። ሌላ እስኪሞት ጠብቁ፣ ሲሞትም ራሴ እመጣለሁ አልኩ። እነሆ ሞተ፤ እኔም ቃሌ ያዘኝ።

ከንጋቱ 11፡50፤ ከአምቦ መውጫ

ሾፌራችን ጋሽ ጥላሁን ድሮ በዚሁ መንገድ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። መኪናቸውን እንደ ሳሎናቸው ነው የሚጠብቋት፤ የጫማ አፈር ሳላራግፍ አያስገቡኝም።

"ዛሬ ምንድን ነው የምንጭነው?" አሉኝ።

"አንጀት።"

"የታጠበ?"

"ያልታጠበ።"

ወርደው የኋላውን ወንበር ላስቲክ አለበሱት። ከኋላ ወንበር ላይ የክትባት መያዣው የበረዶ ሳጥን አለ። ውስጡ ከቤቴ ፍሪጅ የወሰድኳቸው ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ በረዶዎች ይንቀጫቀጫሉ። መርዙ ሙቀት ካገኘው ይበላሻል፤ በድኑም በቆየ ቁጥር አንጀቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይለዋወጣል። በሆዴ ሰዓት እቆጥራለሁ።

12፡35፤ ጊንጪ

ጊንጪ ከእኛ ቀድማ ነቅታለች። ጤፍ የጫኑ አይሱዙዎች ጥግ ይዘው ቆመዋል፣ ወደ ነቀምቴ የሚያልፈው አውቶቡስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጣራል፣ ሴቶቹ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች በሰፌድ ይዘው መስኮት ለመስኮት ይዞራሉ። ጋሽ ጥላሁን ሻይ ሳይጠጡ የጎጆን መንገድ እንደማይጀምሩ በእርጋታ ነገሩኝ። በጉ እየጠበቀ ነው ብላቸው "የሞተ ምን ይቸኩላል?" አሉ።

ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዝን። ሻይ የምትሸጠው ሴት ወዴት ናችሁ አለችን።

"ጎጆ። መንገዱ እንዴት ነው?"

"መንገድ ነው ይሉታል" አለች፣ ብርጭቆውን እያለቀለቀች።

ከጊንጪ ወደ ግራ ታጥፈን ሽቅብ ጀመርን። አስፋልቱ ቀርቷል። እስካሁን ካርታ ላይ ብቻ የማውቀው አገር በመስኮቱ መግባት ጀመረ። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ክምር፣ በየጓሮው እንሰት፣ ድንች የጫኑ ፈረሶች፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው የቆሙ ሰዎች። ከፍ ባልን ቁጥር ብርዱ ጠነከረ። የመኪናዋ መስኮት አልዘጋ ብሎ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ሌላ ቀን ቢሆን እማረር ነበር፣ ዛሬ ግን ብርዱን መረቅሁት። ብርድ ለናሙናዬ ዘመድ ነው። መንገዱ ከማርሽ ሳጥኑም ከኔም ወገብ ጋር ተጣልቷል። ጋሽ ጥላሁን በየጉድጓዱ "ቀስ በይ፣ እናቴ" ይሏታል፤ እኔን ግን አንዴም ቀስ በል አላሉኝም።

ጠዋት 2፡30፤ ከጎጆ ወጣ ብሎ

ጉታን የጎጆ መግቢያ ላይ አገኘዋለሁ ብዬ ስጠብቅ እሱ ከበድኑ አልተነቃነቀም። አንዲት መንገደኛ ናት ያደረሰችን። በአዴ ጫልቱ ግቢ በር ስንገባ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። በበረቱ ጥግ ላይ አንድ የሰባ ጠቦት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ተኝቷል። ጉታ ከነጋዎኑ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ እንደ ባንክ ዘበኛ። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብለው ደልደል ያሉ ወይዘሮ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆመዋል። እግራቸው ሥር የሚጨስ የሙቅ ውኃ ባልዲ፣ ባልዲው ጠርዝ ላይ ሎሚ።

"አካም ቡልተን?" አልኩ፤ የኦሮምኛዬ ጎተራ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም።

"ናጋ፣ ገለታ ዋቃዮ" ብለው አዴ ጫልቱ ፈጣሪን አመሰገኑ። ወዲያው ደግሞ ክሳቸውን በአማርኛ አቀረቡ። "ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ከንጋት ጀምሮ አላስነካ አለኝ። እኔ ቆሻሻ ወደ ቢሮ ልኬ ሰው ምን ይለኛል? ማሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላለቅልቀው።"

"ዶክተር አይደለሁም፣ ቴክኒሻን ነኝ። ደግሞም አዴ ጫልቱ፣ በጎችዎን የገደለው ነገር ያለው እርስዎ ቆሻሻ በሚሉት ውስጥ ነው። ሰኞ ዕለት ማስረጃውን አጥበው ደፉት።"

ፊታቸው ተለወጠ። "ስትሳሳብኝ የነበረው ለዚህ ነው?" አሉ ወደ ጉታ ዞረው። "ታዲያ ለምን እንዲህ ብለህ አትነግረኝም?"

"ስድስት ጊዜ ነግሬዎታለሁ" አለ ጉታ በደከመ ድምፅ።

አባ ሰንጋ አለመሆኑን ጉታ ቀደም ሲል በደም ምርመራ አረጋግጧል፤ ዛሬም ደግሞ አይቷል። ጓንት አጠለቅን፣ ሆዱን ከፈትን። ጉታ ያሳየኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። የልብ ከረጢቱ ውስጥ ውኃ ሞልቷል። ኩላሊቱ በጣት ሲነካ እንደ ገንፎ ይሰረጉዳል። ሆዱ ገና ባልተፈጨ ገብስ ጢም ብሏል። ጉታና እኔ ተያየን። ከመጽሐፍ የማውቀውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በጣቴ ነካሁት።

አሁን ከትንሹ አንጀት አንድ ክንድ ያህል በሁለት በኩል በክር ቋጥሮ መቁረጥ ነው፤ ፈርሱ እንዳይፈስ። እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጓንት አለ፣ መቀስ አለ፣ ቅጽ አለ፣ ሁለት እስክሪብቶ አለ። ክር የለም። የወንበር ሰው የመጀመሪያ ጉዞው ይኸው ነው።

"ገመድ ነው የጎደለህ?" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ።

አንድ ቀጠን ያሉ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከአጥሩ ባሻገር ቆመዋል። ከመጣን ጀምሮ እዚያው እንደነበሩ ኋላ ጉታ ነገረኝ። እጃቸውን በአጥሩ ላይ ዘርግተው አዲስ የተፈተለ የእንሰት ቃጫ ገመድ ያቀብሉኛል። ኦቦ ለታ ናቸው።

"ከእጁ እንዳትቀበል!" አሉ አዴ ጫልቱ።

ጉታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "አትንካው። ኋላ ገመዱ ነው የመረዘው ይላሉ፤ የምርመራው ውጤትም ዋጋ ያጣል።"

እውነቱን ነው። ወደ አጥሩ ሄድኩና "ኦቦ ለታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለእርስዎው ብዬ ነው፣ ልቀበልዎ አልችልም" አልኳቸው።

ዓይኔን አዩኝ። "ገባኝ" አሉ። ገመዱን በጣቶቻቸው ላይ ቀስ ብለው መጠቅለል ጀመሩ፤ ጠቅልለው ሲጨርሱም የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው እንደያዙት ቆሙ። አንጀቴን በሉት። በባሕርዬ መቆጣት የምወድ ሰው ነኝ፣ በዚያች ደቂቃ ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ።

አዴ ጫልቱ የሹራባቸውን ጫፍ በጥርሳቸው በጥሰው ክር መዘዙ። አረንጓዴ ክር ነው። መዘዙ፣ መዘዙ፣ ሹራቡ ከታች አንድ ጣት ያህል ተተረተረ። በእሱ ቋጠርን፣ ቆረጥን፣ በፕላስቲክ ዕቃ ከተን በረዶው ውስጥ ቀበርነው። ቀሪውን በድን ጉታ በጥልቅ ጉድጓድ ሊያስቀብር ቀረ።

ቀን 6፡10፤ ጊንጪ እንደገና

የታመመ ብቻ ይዞ መመለስ ግማሽ ሥራ ነው። የጤነኛ በግ አንጀት አጠገቡ ካልተመረመረ ልዩነቱ አይታይም። ጊንጪ አንድ ሥጋ ቤት ገብቼ አሁን ከታረደ በግ ትንሽ አንጀት ከነፈርሱ ስጠኝ አልኩት።

ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዋውን አስቀመጠ። "ከነምኑ?"

"ከነፈርሱ።"

"ጌታው፣ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከእኔ ቤት ያልታጠበ ነገር ወጥቶ አያውቅም።"

መታወቂያዬን አሳየሁት። መታወቂያውን አየ፣ እኔን አየ፣ በር ላይ የቆሙትን ጋሽ ጥላሁንን አየ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው "ምን ላድርግ፣ አለቃዬ ነው" አሉት። በመጨረሻ ሰጠኝ፤ ግን በሦስት ፌስታል ደራርቦ፣ ጎረቤት እንዳያይ በጓሮ በር።

ከጊንጪ እስከ አምቦ አራቱም መስኮት ተከፍቶ ነው የመጣነው። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ላብራቶሪ ደረስኩ። በረዶው ገና ግማሹ አልቀለጠም። ፈርሱን በሴንትሪፉጅ ማሽን አሽከርክሬ፣ ውኃውን ለይቼ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁ። እፎይ አልኩ፤ ግማሽ እፎይ።

ዓርብ፤ አምቦ፣ ላብራቶሪ

ዛሬ ጉዞው ከጠረጴዛ እስከ ማጠቢያው ነው፤ ቢሆንም ከጎጆው ዳገት የበለጠ አደከመኝ።

ምርመራው ኤላይዛ ይባላል። ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሳህን ነው። የጉድጓዶቹ ግድግዳ ያንን መርዝ ብቻ ይዞ የሚያስቀር ነገር ተቀብቷል። ናሙናው ይገባል፣ ይቆያል፣ ይታጠባል፤ ሌላ ፈሳሽ ይገባል፣ ይቆያል፣ ይታጠባል። በመጨረሻ ቀለም የሚሰጠው ጠብታ ይጨመራል። መርዝ ካለ ጉድጓዱ ቢጫ ይሆናል፤ ከሌለ ነጭ ውኃ ሆኖ ይቀራል። አዴ ጫልቱ ቢያዩኝ ይስቁ ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ ሳጥብ ዋልኩ። በእኛ ሙያ የሚታጠበው ሳህኑ ነው።

የጎጆውን ጠቦት በሁለት ጉድጓድ፣ የጊንጪውን በሁለት ጉድጓድ አደረግሁ። አንድ ጉድጓድ ሲተርፈኝ ፍሪጅ ውስጥ ያቆየኋትን፣ በሎሚ የታጠበችውን የሰኞዋን አንጀት ጨመቅ አድርጌ ጨመርኩበት። ለማወቅ ያህል ነው።

የቀለሙን ጠብታ ጨምሬ ስጨርስ መብራት ጠፋ። ሌላ ጊዜ ለመብራት የማልለው የለም፤ ዛሬ ግን ቀለም ለማየት መብራት አያስፈልግም። ሳህኑን ይዤ መስኮት ሥር ቆምኩ። ብርሃን የሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። የጊንጪው እንደ ውኃ ነው። የጎጆውም እንደ ውኃ ነው። ደቂቃው ይሄዳል። ኦቦ ለታ ገመዱን ሲጠቀልሉ ታዩኝ። ምናልባት ጉታም እኔም ተሳስተን ይሆናል፤ ምናልባት እውነትም የድንች መድኃኒት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሳስብ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ ፈራሁም።

ከዚያ የጎጆው ጉድጓድ ከታች በኩል ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነ። ከዚያ የገብስ ዘለላ ቢጫ። ከዚያ የእንቁላል አስኳል ቢጫ። ሁለቱም ጉድጓድ! የጊንጪው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ደስታዬን ጋብ ያደረገችው የመጨረሻዋ ጉድጓድ ናት። በሎሚ የታጠበችው ናሙና ነጭ ነበረች፣ ጥርት ያለች። ሰኞ ዕለት ሽታው ባያስጠረጥረኝ፣ እንደመጣች መርምሬ "መርዝ አልተገኘም" ብዬ ማኅተም አደርግባት ነበር። ያ ወረቀት ቅዳሜ ሽማግሌዎች ፊት ቢቀርብ በሽታ አይደለም ማለት ነው፤ በሽታ ካልሆነ ደግሞ ሰው ነው፤ ሰው ከሆነ ለታ ናቸው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ በንጹሕ እጅ፣ አንድ ሰው ላይ ልፈርድ ነበር። መብራት እስኪመጣ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

መብራቱ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ውጤቱ ታተመ፣ ማኅተም አረፈበት።

ቅዳሜ፣ ረፋድ 4 ሰዓት፤ የሽማግሌዎቹ ሜዳ

ወረቀቱን በአውቶቡስ ለመላክ ልቤ አላመነም። በአውቶቡስ የሚላክ ነገር ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ። ጋሽ ጥላሁን "ዛሬስ ምን እንጭናለን?" አሉኝ። አንድ ወረቀት ስላቸው ያለ ሻይ ጎጆ ገቡ፤ ከዚህ በላይ ደስታቸውን የሚገልጽ ነገር የለም።

ሽማግሌዎቹ በሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በአንድ ወገን አዴ ጫልቱ፣ የሹራባቸው ጫፍ እንደተተረተረ። በሌላው ወገን ኦቦ ለታ ብቻቸውን፤ ከጎናቸው የተቀመጠ የለም። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ኦቦ ደበላ "ተናገር" አሉኝ። ጉታ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰልኝ ወረቀቱን አነበብኩ።

"በጉን የገደለው መርዝ ነው ትላለህ?" አሉ ኦቦ ደበላ።

"አዎ። ግን ሰው ያበላው አይደለም። በእያንዳንዱ በግ አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ነገር አለ። ብዙ ገብስ ሲያገኝ ይራባል፣ መርዙንም እዚያው ይሠራል። ፋርሶ ስትጠምቁ ጋኑ ውስጥ ገብስ ሲበዛ ምን ይሆናል?"

"ይገነፍላል።"

"በግ ደግሞ የሚገነፍልበት የለውም።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ኦቦ ደበላ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። "የድንች መድኃኒቱንስ መርምረሃል?" አሉኝ።

ዋሽተህ እለፍ የሚል ሐሳብ ብልጭ አለብኝ፤ አልዋሸሁም። "አልመረመርኩም። እሱን የምንመረምርበት ዕቃ የለንም። ግን ኦቦ ደበላ፣ የተረጨ መድኃኒት የሰባውን ከከሲታው ይመርጣል? አንድ ማሳ ላይ አብረው እየዋሉ የሞቱት የሰቡት ብቻ ናቸው። ኩላሊቱን በጣታችን አይተናል፣ የገብሱን ብዛት በዓይናችን አይተናል፣ መርዙን ደግሞ ሳህን ላይ አይተናል። ሦስቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት።"

ይህን ጊዜ አዴ ጫልቱ ከተቀመጡበት ተነሡ።

"የገደልኳቸው እኔ ነኝ" አሉ። "ቀን ቃርሚያ ላይ ውለው፣ ማታ ማታ ደግሞ ለሰቡት ብቻ አንዳንድ ቁና ገብስ እጨምርላቸው ነበር። ለገና ይድረሱ ብዬ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ገብሱን ለበግ ትሰጣለች እንዳልባል።" እንባቸው መጣ። "በሰው ላይ አፌን ከፈትኩ። ለታ፣ በሰው ላይ አፌን ከፈትኩ።"

ኦቦ ለታ ጎንበስ ብለው ሣር ይነጩ ነበር። ቀና ሳይሉ "ማሳውን የከፈትኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ግማሹን አንቺ፣ ግማሹን እኔ አበላናቸው። በደግነት ነው የፈጀናቸው።"

"ዱጋ ዳ፣ እውነት ነው" አሉ ኦቦ ደበላ። "ጥጋብ ነው የገደላቸው። መሐላው ቀርቷል።"

ከዚያ የሆነውን ስጽፈው እንኳን ደስ ይለኛል። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ኦቦ ለታ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ሌላው ተከተለው። ሦስተኛው ሲመጣ ቦታ ጠበበና ኦቦ ለታ "ኧረ አታጨናንቁኝ!" አሉ፤ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔን ደግሞ አበስኩ። ጉታ አቧራ ነው አለ፤ እሱም ሲያብስ አይቼዋለሁ።

ቀትር 7 ሰዓት፤ አዴ ጫልቱ ግቢ

ለዕርቁ አዴ ጫልቱ አንድ ጤነኛ በግ አሳረዱ፤ የተከተበ በግ ሥጋው ወዲያው አይበላምና፣ ጉታ መክተብ ሳይጀምር ይታረድ ተባለ። ቀጥሎ የተረፉት አንድ በአንድ እየተያዙ ተከተቡ። የሚይዟቸው ኦቦ ለታ ናቸው። አጥሩን ዞረው በበሩ ነው የገቡት። የማታዋ ቁና ገብስ እንድትቀር፣ ቃርሚያውም ጥቂት በጥቂት እንዲለመድ ጉታ መከረ፤ ስድስት ጊዜ መናገር ሳያስፈልገው ተሰማ።

ስንነሣ አዴ ጫልቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጡ።

"ለባለቤትህ ነው። ይሄኛው ለቢሮ አይደለም" አሉ፣ ጣታቸውን እየቀሰሩብኝ። "አጥቤዋለሁ፤ አትቆጣ።"

ጋሽ ጥላሁን ጥቅሉን ተቀብለው አሸተቱ። ከዚያ በጋቢና፣ በገዛ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ከምሽቱ 12 ሰዓት፤ አምቦ፣ ቤቴ

ባለቤቴ ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ዞር ዞር አድርጋ አየችው። የሎሚው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። "እንዴት ያለች ባለሙያ ናት ያጠበችው!" አለች። ጥቅሉ ዙሪያውን በአዲስ የቃጫ ገመድ፣ በደህና ቋጠሮ ታስሯል። ገመዱን አወቅሁት። በአጥር ላይ ተዘርግቶልኝ ያልተቀበልኩት ነው።

ቢላዋ አነሣች።

"አትቁረጪው" አልኳት። "ፍቺው።"